የሴልዊን ሐሙሶች

ጁላይ 6፣ ሰኞ

የደሴታችን ወደብ የቲረል ቤይ ጀልባዎች ሸራቸውን አውልቀው ተኝተዋል። ባለቤቶቻቸውም እንደዚሁ። ከጁላይ እስከ ኖቬምበር እንግዳ የለም፣ የሚመጣው ማዕበል ብቻ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ እንግዳ ማለት የግድ በረዶ ሸሽቶ የመጣ ፈረንጅ አይደለም እላለሁ። ግሬናዳ ያለ ሰው፣ ትሪኒዳድ ያለ ሰው፣ አፍንጫው ሥር ያሉትን ደሴቶች ሳያይ አርጅቶ ይሞታል። ለነሱ የዝናቡ ወራት የዕረፍት ወራት ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ልጅ ከውጭ አገር ይመጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል።

ስለዚህ ዘንድሮ አንዘጋም። አጭር አጭር ጉዞ ነው የማስበው። የትም ብንሄድ በግማሽ ቀን ተመልሰን የምንደበቅበት ወሽመጥ ይኖራል። ሬዲዮው ክፉ ካወራ እንመለሳለን፣ ክርክር የለም። ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ መሐል የምንገባው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ ሰማያዊው ጥልቅ፣ አረንጓዴው ጥልቅ ያልሆነ፣ ቡናማው ድንጋይ። ካርታ እዚያ ምንም አይረባም፤ ዓይን ነው።

ሴልዊን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። ባሌ ሲያዳምጥ ጥሩ ነው። "ደግ" አለ። "አንድ ነገር ብቻ፣ ቨርኒስ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መልህቅ ጥለን እንደር።"

በጨረቃ ብቻ ሜርሲናን ይዞ የሚገባው ሰውዬ! ሜርሲና ጀልባችን ናት፤ አባቱ ዊንድዋርድ መንደር ላይ በእጁ የሠራት፣ በእናቱ ስም የጠራት። "ከመቼ ወዲህ ነው ጨለማ የፈራኸው?" አልኩት።

"አርጅቻለሁ።"

ሃምሳ ስምንት ዓመት እርጅና ነው እንዴ?

ጁላይ 9

ወደ ትልቁ ደሴት ወደ ግሬናዳ ተሻገረ። ለሞተሩ ፓምፕ ሊገዛ። ባለፈው ሐሙስም ለዚሁ ፓምፕ ሄዶ ነበር።

ጁላይ 10

መጣ። ፓምፕ የለም። ጥቁር መነጽር አለ። ቤት ውስጥም አላወለቀውም። ምን ሆንክ ስለው "ፀሐይ" አለ። ትላንት እኮ ሙሉ ቀን ደመና ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሳናግረው ጆሮዬን ነው የሚያየው። የማውቀው ሴልዊን ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር የሚዋሸኝ። አሁን ያንን ድፍረት እንኳ አጥቷል።

ጁላይ 17

ሲስተር ዩላሊ ደወሉ፣ ከግሬናዳ፣ ከጉያቭ። ተሳፋሪዎቹ የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ናቸው። ትንንሾቹ ደሴቶች ቶቤጎ ኬይስ፣ ሴፕቴምበር፣ ሁለት ሌሊት። ኤሊ ማየት ይፈልጋሉ። ግማሾቹ ዋና አያውቁም፣ ሁሉም መዝሙር ያውቃሉ። የሕይወት ጃኬት ማሟላት። የሌላ አገር ወሰን ነውና ክሊፍተን ወደብ ላይ ፓስፖርት ማስመታት። ውሃ። የሚያቅለሸልሻቸው ካሉ ዝንጅብል። ሌላውን ነገ እጽፋለሁ።

ጁላይ 23

ስልኩን ረስቶት ሄደ። ጠራ። አነሳሁት።

"ኦዴት ነኝ" አለች፣ በለስላሳ ድምፅ። "ሴልዊን የሚቀጥለውን ሐሙስ እንዳይረሳ ንገሪልኝ።" አነጋገሯ የግሬናዳ ከተማ ሴት ነው።

"ማን ልበለው?" አልኳት፣ ስሟን እንዳልሰማ።

"ኦዴት ካልሽው ያውቃል።"

ያውቃል!

አልነገርኩትም። ይሄድ እንደሆነ ላይ ፈለግሁ።

ጁላይ 30

ሄደ። ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ሄደ።

ኦገስት 3

የጀልባ እሽቅድምድሙ ቀን። ከተማችን ሂልስቦሮ በሰው ተጥለቅልቃለች፤ ከበሮ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሰካራም። ሴልዊን ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ቀን የሜርሲናን መሪ ለሌላ ሰው ሰጥቶ አያውቅም። ዛሬ ለአጎቱ ልጅ ለፊትስ ሰጠ። ወገቤን አመመኝ አለ። ያ ወገብ ትላንት የዱቄት ጆንያ ተሸክሟል።

አሸዋው ላይ ተቀምጦ ባሕሩን እንኳ በትክክል አያይም ነበር። አንገቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሱት ልጃገረዶች ወደቆሙበት። ልቤ ተቃጠለ። ታንቲ ኢኒድ፣ አክስቱ፣ ጎኔ መጥታ ቆመች። ታንቲ ነገር ከማር ጋር ነው የምታጎርሰው።

"ቨርኒስ ልጄ፣ ባልሽ ከበረ እንዴ? ማክሰኞ መንገድ ላይ እጄን አውለበለብኩለት፣ እንደ ግንድ አልፎኝ ሄደ።"

"አሳብ ይዞት ይሆናላ፣ ታንቲ።"

"ይሆናል። ወንድ አሳብ ሲይዘው፣ አሳቡ ብዙ ጊዜ ቀሚስ ይለብሳል።" ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሜርሲና ሦስተኛ ወጣች። ፊትስ አለቀሰ። ሴልዊን "ነፋሱ ከዳህ እንጂ ጥፋቱ ያንተ አይደለም" አለው። ነፋሱን ሲያውቅ ግን ግሩም ነው፤ ፊቱን ብቻ አዙሮ ያውቀዋል።

ኦገስት 14

ፊትስና እሱ ከቤቱ ሥር መረብ ይጠግኑ ነበር። እኔ ከላይ ወለሉን አጥባለሁ። የወለሉ ሳንቃ ስንጥቅ ነው፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

ፊትስ፦ "እስከ መቼ ነው የምትደብቃት? በኋላ እኔን ነው በመጥረጊያ የምታሳድደኝ።"

ሴልዊን፦ "የሴቶቹ ጉዞ ይለፍ። ከዚያ እኔው እነግራታለሁ።"

ፊትስ፦ "ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው የሚሳፈርልህ እንዳይመስልህ።"

ውሃው ባልዲ ውስጥ ቀዝቅዞ ቀረ። ከዚያች ሴት ልጅ አለው ማለት ነው። ካልሆነ ደግሞ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የኛን ጉድ ቢሰሙ አንሳፈርም ይላሉ፣ ለዚያ ነው የሚፈራው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ኦገስት 16፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን ተቀምጫለሁና ላስብ። ሰውዬው ተለውጧል። በቀደም እራት ላይ ጨው መስሎት ስኳር ዓሣው ላይ ነሰነሰ፣ ከዚያም አፍሮ በላው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙሩን ቁጥር ፊትስን ጠየቀው፣ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ የኔን ክንድ ያህል ተለጥፎ እያለ። ትላንት ከበረንዳው ሲወርድ ድመቷን ረገጣት። ጠጥቷል ብዬ ጠጋ አልኩ። አይሸትም።

ፍቅር የያዘው ሰው እንዲህ ይሆናል ይላሉ፤ ከፊቱ ያለው አይታየውም።

እናቴ "ቅናተኛ ሴት ቤቷን በገዛ እጇ ታቃጥላለች" ትለኝ ነበር። እናቴ ግን ኦዴትን አታውቃትም።

ኦገስት 27

ሄደ። ሐሙስ ነው።

ኦገስት 28

አደረግሁት። ያን ቀን ስልኩ ላይ ያየሁትን ቁጥር ደወልኩ።

"የሴልዊን ሚስት ነኝ" አልኳት። "ባሌን ተዪልኝ።"

ከኋላዋ ሰዎች ይጠራራሉ፤ ገበያ ይሁን ምን አላወቅሁም። "እመቤቴ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "እኔ ልነግርሽ አይፈቀድልኝም። እሱን ጠይቂው። እባክሽ ግን ሰው አሳፍራችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቂው።"

"ታስፈራሪኛለሽ?"

"ኧረ በፍጹም። ጠይቂው ብቻ።"

ዘጋሁባት። ጀልባችን ላይ መጥታ ልታዋርደኝ ነው፣ በሲስተር ዩላሊ ፊት! ትምጣ። ጥርሴን ነክሼ እጠብቃታለሁ።

እሱን አልጠይቅም። ጠይቄው "አዎ" ቢለኝስ?

ሴፕቴምበር 9

አብሬ ልሄድ ወስኛለሁ። አብሳይ ሆኜ ነው፣ እውነቱን ግን ልጠብቀው ነው። ስነግረው ደስ አላለውም። "መንገዱ ይሰለችሻል" አለኝ፣ ጆሮዬን እያየ። ፊትስ ደግሞ በጣም ደስ አለው። እሱንም ጠረጠርኩት።

የዳቦ ፍሬ፣ ጨው ዓሣ፣ ሩዝ፣ የእርግብ አተር፣ ሎሚ። ሬዲዮው እስከ ሰኞ ንጹህ ነው ይላል።

ሴፕቴምበር 12፣ ቅዳሜ፣ ኬይስ

ደርሰናል። ሴቶቹ ነጭ ኮፍያ አድርገው እንደ ባሕር ወፍ ተደርድረዋል። ሲስተር ዩላሊ ኤሊ አይተው "ጌታ ሆይ፣ ይሄ ሁሉ ውበት እዚህ እያለ እኔ ጉያቭ ምን አደርጋለሁ!" ብለው ጮኹ። ልቤ ሞላ። ያሰብኩት ሠራ።

ፊትስ ምላሱ አላርፍ ብሏል። ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል፤ "ያቻትና ቀይዋ ምልክት በቀኝህ፣ ካፕቴን"፣ "ያ የዓሣ አጥማጅ ተንሳፋፊ ምልክት ነው፣ ካፕቴን"፣ "አረንጓዴው እየሰፋ ነው፣ ካፕቴን።" ሴልዊን ሃያ ዓመት የገባበትን ቦታ ነው የሚያስጎበኘው! ኦዴት ደግሞ አልታየችም። ለማጣራት እያንዳንዱን ጀልባ አይቻለሁ።

ሴፕቴምበር 14፣ ክሊፍተን

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትላንት ጠዋት ፊትስ ከድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ዳቦ ፍሬ አበጠ። የኤሊ ጠባቂዎቹ በፈጣን ጀልባ ወደ ክሊፍተን ክሊኒክ ወሰዱት። ሲሄድ የሴልዊንን ክንድ ይዞ "ጠብቀኝ፣ እለምንሃለሁ፣ እስክመለስ ከዚህ አትነቃነቅ" ሲለው ሰማሁ። እኔም "ከሚስትህ ጋር ብቻህን አትሁን ማለቱ ነው" ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቀትር ላይ ሬዲዮው ተናገረ፤ ከምሥራቅ የዝናብ ማዕበል እየመጣ ነው፣ ከታሰበው ፈጥኗል። እኔው ባወጣሁት ደንብ፣ ሬዲዮ ካወራ እንመለሳለን። ሴልዊን ፊትስን እንጠብቅ አለ። "ማንን ነው የምትጠብቀው?" አልኩት፣ ሴቶቹ እየሰሙ። "እዚህ ሜዳ ላይ በነፋስ ልታስጨርሰን ነው?" አጠገቤ ድንጋይ ቢኖር ወርውሬበት ነበር። መልህቁን አወጣ።

ደመናው ፀሐይዋን ውጧታል። ባሕሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አመድ ሆኗል፤ እንደዚያም ሆኖ ቡናማው ይለያል፣ ለለመደ ሰው። ወደ መውጫው ሄድን። ሴቶቹ መዝሙር ጀመሩ። እኔ ከፊት ሆኜ ድስቶቹን አስር ነበር፤ ቀና ስል ድንጋዩ ፊት ለፊታችን ነው። ሰፊ፣ ቡናማ፣ ማዕበሉ አረፋ እየደፈቀበት። ሜርሲና በቀጥታ ትሄድበታለች። ሴልዊን መሪውን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ፊቱ ላይ ምንም ፍርሃት የለም።

ለአንድ አፍታ ሆን ብሎ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ሴልዊን! ድንጋይ!"

"የት?" አለ።

የት አለ። ያ ቃል አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ፊት ለፊትህ! ፊት ለፊትህ ነው!"

"ወዴት ልዙር? ንገሪኝ፣ ቨርኒስ። አይታየኝም።"

"ግራ! በደንብ ግራ!" መሪውን በሙሉ ሰውነቱ ገፋው። ጀልባዋ ሆዷ አንድ ነገር ሲፍቃት ተሰማን፣ እንደ ቢላ ሞረድ ላይ። ሳህኖች ወደቁ። ከዚያ አለፈች። እኔ አፍንጫዋ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ "ትንሽ ቀኝ፣ ያዘው፣ አሁን ቀጥ፣ ግራ፣ ግራ" እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ። ያልኩትን ሁሉ አደረገ። አንድ ጊዜ እንኳ "እርግጠኛ ነሽ?" አላለኝም።

ሲስተር ዩላሊ ክሊፍተን ሲወርዱ እጄን ይዘው "ልጄ፣ አንቺ ሰውዬሽን እንዴት ነው የምትጨቀጭቂው!" አሉኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ምንም አላወቁም። ዝናቡ ጀልባዋ ከታሰረች በኋላ ጣለ።

ሴፕቴምበር 16

ነገረኝ። የዓይኑ መሐል ነው የታመመው። ዳር ዳሩ አለ፤ መሐሉ፣ የሚያተኩርበት፣ እንደ ቡና ጠብታ ጠቁሮ ቀርቷል። ለዚህ ነው ሁሉን ነገር በጎን የሚያየው። ሐሙስ ሐሙስ ግሬናዳ የሚሰጡት መርፌ ነው፣ እዚያው ዓይኑ ውስጥ። ኦዴት የክሊኒኩ ነርስ ናት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ጀልባዋን ትወስጂብኛለሽ።"

"ሌላ ሴት አለችህ ብዬ ስንገበገብ አላወቅክም?"

"አውቄ ነበር" አለ። "እንዴት አላውቅም፣ በር ስትዘጊ ይሰማል እኮ። ተውኩት። ሴት ይዟል ቢሉኝ ወንድ ነኝ። ዓይኑ ጠፋ ቢሉኝ ምንድነኝ?"

በጥፊ ልመታው ነበር። ላቅፈውም ነበር። ሁለቱንም ሳላደርግ ዕቃ አጠብኩ።

ነርሷ ነግራኝ ነበር። ጠይቂው ብላኝ ነበር። ሴቶቹ ግማሾቹ ዋና አያውቁም።

ሴፕቴምበር 20

ተስማምተናል። ሰው ይዞ አይወጣም። ለኦክቶበር የተመዘገበውን የአንድ የትሪኒዳድ ቤተሰብ ጉዞ እኔ ራሴ ደውዬ ሰረዝኩ። ትልቅ ቤተሰብ ነው፤ አሮጊቷ እናት ፔቲት ማርቲኒክ ደሴት ላይ ነው የተወለደችው፣ ከመሞቷ በፊት ልታይ ነበር። ልጅየው በስልክ "እናታችን ታለቅሳለች" አለኝ። እኔም አለቀስኩ። ሴልዊን ግን "ደግ" አለ።

ያ ደግ አልጣመኝም።

ኦክቶበር 3

ፊትስ በምርኩዝ እያነከሰ ሁለቴ መጣ። ስገባ ወሬ ይቀይራሉ። ስለ ክሪኬት! ፊትስ ክሪኬት አይወድም።

ኦክቶበር 10፣ ቅዳሜ

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ሜርሲናን ወደቡ ላይ አየኋት፤ ሸራዋ ግማሽ ተሰቅሏል። የትሪኒዳድ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ይሳፈራሉ። አሮጊቷን በወንበር አድርገው ሁለት ወንዶች ያነሷታል። ሴልዊን መሪው ጋ ነው፣ ፊትስ ገመድ ይፈታል። ከጀርባዬ ደውለው "ጉዞው አለ" ብለዋቸዋል።

ፊትስ ሲያየኝ ሸሸ። ሴልዊን አላየኝም። በእርግጥ አላየኝም።

"ማነው ካፕቴኑ?" ብዬ ጮህኩ። ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። ታንቲ ኢኒድም ነበረች።

"ቨርኒስ፣ ቤት እንነጋገራለን" አለ ቀስ ብሎ። "ፊትስ አብሮኝ አለ።"

"ፊትስ ባለፈውም አብሮህ ነበር።" ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። "ውረዱ። ይሄ ሰውዬ አያይም። ፊት ለፊቱ ያለውን ድንጋይ አያይም። ባለፈው ወር አስራ አንድ ሴቶች ይዘን ልናልቅ ነበር።"

አሮጊቷ ከወንበሯ ላይ "እውነት ነው ልጄ?" ብላ ጠየቀችው። እኔን ሳይሆን እሱን።

ሴልዊን መሪውን ለቀቀ። "እውነቷን ነው፣ እማማ" አላት። ከዚያም ወደኔ፣ "ጨረስሽ?"

ከጀልባዋ ሲወርድ በእግሩ ሳንቃውን ፈለገ። ሰው ሁሉ እያየው። ማንም እጁን አልሰጠውም፤ ክፋት ሆኖ አይደለም፣ እጅ ስጡኝ ብሎ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። እኔም አልሰጠሁትም።

የታንቲ ኢኒድን አማች ለምኜ ቤተሰቡን እሱ ወሰዳቸው። አሮጊቷ መንደሯን አየች አሉ።

ኦክቶበር 18

ሴልዊን አያናግረኝም። ታንቲ ኢኒድ ግን ትናገራለች። "እውነት ነው የተናገርሽው" አለችኝ፣ የገዛሁትን ዳቦ እየጠቀለለችልኝ። "እውነት ግን ቤት ውስጥም ይነገራል፣ ልጄ።"

ቤት ውስጥ ተናግሬ ነበር እኮ። ቤት ውስጥ ደግ አለኝ። ወይስ እንዲዋረድ ፈልጌ ነበር? ለእነዚያ ሐሙሶች ሁሉ? አይመስለኝም። አላውቅም።

ኦክቶበር 27

ሬዲዮው ስም የወጣለት ትልቅ ማዕበል ይዞ መጥቷል። ጀልባ ያለው ሁሉ ወደ ማንግሮቩ፣ ውሃ ውስጥ ወደቆመው ጫካ፣ እየሮጠ ነው። ፊትስ ምርኩዙን ጥሎ መጣ። ሴልዊን ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ከወደቡ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ፦ "መሪውን አንቺ ያዢ። ገመዱን ለኔ ተዪው።"

ኦክቶበር 29

ማዕበሉ ወደ ሰሜን አለፈ። ከኛ ጣሪያ ሁለት ቆርቆሮ፣ ከታንቲ ኢኒድ ዶሮ ቤቷን ሙሉ ወስዷል። ሜርሲና ግን ደህና ናት።

ማንግሮቩ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ግድግዳ የሚያክል ቅጠል በሁለት ጎን እየፋቀን። ፊትስ በሞተሩ፣ ሴልዊን እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከሥር ወደ ሥር እየሄደ ያስር ነበር። ግንዱን በእጁ ዳስሶ "ይሄ በስብሷል" ይላል፣ ወደ ሌላው ያልፋል። የጎረቤት ጀልባዎች ላይ ያሉ ወንዶች እየጠሩት "ካፕቴን፣ የኛንም እየው" አሉት። እየው አሉት፣ ሳያስቡ። ሄዶ የሁሉንም አሰረ።

ከዚያ ነፋሱ እስኪመጣ ተቀምጠን ጠበቅን። ፊትስ ተኛ። እኔ ራሴን መያዝ አልቻልኩም።

"ኦዴት ቆንጆ ናት?" አልኩት።

አሰበበት። "ድምጿ ደግ ነው። ፊቷን አይቼው አላውቅም።"

ይሄን አምኜዋለሁ። ከጁላይ ወዲህ የነገረኝን ያለ ማጣራት ሳምን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ትንሽ ቆይቼ፣ መጠየቁን እየፈራሁ፣ "የኔንስ መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?" አልኩት።

"ፋሲካ ሰሞን ይመስለኛል" አለ። "በረንዳው ላይ ቆመሽ። ተቆጥተሽ ነበር።"

"በምን?"

ጭቃውን ከእጁ ላይ ጠረገ። "አላስታውስም።"

እኔም ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።